ቱርቦ፣ ስስ አየርና ቀይ አቧራ፦ በኮሶበር ከፍታ የሞተርን አየር ማስገቢያ ስለ መምረጥ

ከኮሶበር ተነሥቶ በቻግኒ፣ በግልገል በለስና በማንኩሽ አድርጎ ወደ ጉባ የሚወርደው መንገድ ለሹፌሮች የእንጀራ መስመር ነው፤ ለፊዚክስ መምህር ግን ግድግዳና ጣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራ ነው። ኮሶበር ወይም በሌላ ስሟ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 560 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቻግኒ ወደ 1 ሺህ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚገኝበት የጉባ ቆላ ደግሞ በ600 ሜትር ግድም ላይ ነው። በዚህ መስመር የሚመላለስ መኪና ጠዋት የሚተነፍሰው አየርና ከሰዓት በኋላ የሚተነፍሰው አየር ስሙ እንጂ ጠባዩ አንድ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ በጋራዦችና በመለዋወጫ መደብሮች ዘንድ ብዙ የሚያከራክር ነው። ቱርቦ ያለው መኪና የያዘ ሰው ፋብሪካው የገጠመለትን የአየር ማስገቢያና ማጣሪያ አውጥቶ ከገበያ በተገዛ ሌላ ቢተካ ይጠቀማልን? የሚጠቀም ከሆነስ የትኛውን ይምረጥ? ጥያቄው የቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በእጃችን ያለውን ሞተር አሳምሮ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚገጠም ዕቃ፣ ከተበላሸ በኋላ ለማውረድና ለማደስ የብዙ ወር ገቢ የሚጠይቅን ሞተር ዕድሜ ሊወስን ይችላል።

የደጋው አየር ምን ያህል ስስ ነው?

አየር ክብደት አለው። ከላያችን ያለው የአየር ዓምድ በሚጫነን መጠን ግፊት ይፈጠራል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ዓምዱ ያጥራል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በኮሶበር ከፍታ ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት የኮሶበር 1 ሜትር ኩብ አየር 0.91 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በባሕር ወለል ላይ በተመሳሳይ ሙቀት ያለው ግን 1.22 ኪሎ ግራም ነው። ጉባ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ 1 ሜትር ኩብ አየር 1.07 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ሙቀት አየርን ያሳሳል፤ ሆኖም የቆላው ሙቀት የሚያሳሳው ከፍታችን ከሚያሳሳው ያነሰ ነው።

ሞተር የሚፈልገው ደግሞ የአየርን ይዞታ ሳይሆን የአየርን መጠነ ቁስ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው ይዞታ የተወሰነ ስለሆነ በኮሶበር ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህሉን ምግቡን ያጣል። ለብዙ ዓመታት በእርዳታ ድርጅቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምናውቀው ባለ 4.2 ሊትር ላንድ ክሩዘር ቱርቦ የለውም፤ በደጋ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያቃስት የሚታየውም ነዳጁ መጥቶ አየሩ ስለሚጎድልበት ነው።

የቱርቦ ሥራ ይህን ጉድለት መሙላት ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1905 አልፍሬድ ቡኺ በተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ስም ተመዝግቧል። ዝናው የገነነው ግን በተራራ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የተሰኘውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘውና 4 ሺህ 300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። በባሕር ወለል ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ጫፍ ያለ ቱርቦ ወደ 230 ዝቅ ሲል በቱርቦ ግን 356 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ቱርቦ ማለት ከመነሻው የደጋ ሰው መሣሪያ ነው ብንል ብዙም አናጋንንም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ይነዳል፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለችው ተሽከርካሪ፣ ማለትም ኮምፕረሰሯ፣ ከማጣሪያው በኩል አየር ስባና ጨምቃ ወደ ሲሊንደሮቹ ትገፋለች። ስፋቷ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነች ተሽከርካሪ በደቂቃ 150 ሺህ ጊዜ ስትዞር የጠርዟ ፍጥነት በሴኮንድ 390 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ይህም ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ስለ አቧራ ስንነጋገር እንመለስበታለንና።

የጠባብ መተንፈሻ ዋጋ

አሁን ወደ ማስገቢያው እንምጣ። አየሩ በቱቦው፣ በማጣሪያው ሣጥንና በማጣሪያው ወረቀት በኩል ሲያልፍ ከግፊቱ ጥቂት ይከስራል። ከገበያ የሚሸጡት «ስፖርት» ማጣሪያዎች ሁሉ የሚሰብኩት ይህን ኪሳራ እንቀንሳለን እያሉ ነው። ስብከቱ ሐሰት አይደለም። ጥያቄው ኪሳራው ስንት ነው፣ ቢቀንስስ ምን ይገኛል የሚለው ነው።

ስሌቱን ለማቅለል ቁጥሮቹን እናጠጋጋ። ሞተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር ፍጹም ግፊቱ 200 ኪሎ ፓስካል እንዲሆን ይፈልጋል እንበል። በባሕር ወለል ላይ ቱርቦው 100ውን ወደ 200፣ ማለትም በ2 እጥፍ ያሳድጋል። በኮሶበር ግን የሚነሣው ከ75 ስለሆነ በ2.67 እጥፍ ማሳደግ አለበት፤ ስለዚህ ገና ከመነሻው ይበልጥ ይፈጥናል፣ ይበልጥም ይሞቃል። አየር ሲጨመቅ ይግላልና፣ 70 በመቶ ብቃት ያላት ኮምፕረሰር 15 ዲግሪ የነበረውን አየር በባሕር ወለል ላይ ወደ 105 ዲግሪ፣ በኮሶበር ደግሞ ወደ 148 ዲግሪ ታደርሰዋለች።

ማጣሪያው ተደፍኖ በባሕር ወለል ላይ 5 ኪሎ ፓስካል ቢያስከስር እጥፉ ከ2 ወደ 2.1 ይወጣል፤ ይህ በ5 በመቶ የበለጠ ድካም ነው። ያው የተደፈነ ማጣሪያ ወደ ኮሶበር ቢመጣስ? አየሩ ስስ በመሆኑ ያንኑ መጠነ ቁስ ለማሳለፍ በበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት፤ ኪሳራውም ወደ 6.7 ኪሎ ፓስካል ያድጋል። ቱርቦው ከ68.3 ተነሥቶ 200 ለመድረስ 2.93 እጥፍ ማሳደግ ይኖርበታል። ጭማሪው 10 በመቶ ሆነ ማለት ነው፤ የሚወጣውም አየር ወደ 163 ዲግሪ ይደርሳል። የተደፈነ መተንፈሻ በደጋ የሚያስከፍለው ዋጋ በባሕር ወለል ላይ ከሚያስከፍለው እጥፍ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስሌቱ ለሻጮቹ የሚያደላ ይመስላል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ያነጻጸርነው የተደፈነን ማጣሪያ ካልተደፈነ ጋር ነው። ፋብሪካው የገጠመው ማጣሪያ ንጹሕ ሲሆን የሚያስከስረው በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ኪሎ ፓስካል ነው። ከ2 ወደ 1 ኪሎ ፓስካል የሚያወርድ ዕቃ ገዝተን ብንገጥም በኮሶበር የምናተርፈው ከ75 ውስጥ አንዱን፣ ማለትም 1.3 በመቶ ያህል ነው። ይህችንም ቢሆን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘው የዛሬው ቱርቦ ወስዶ የራሱን ድካም ያቀልባታል እንጂ ለነጂው አይሰጠውም፤ የታዘዘው 200 ኪሎ ፓስካል ከሆነ በሰፊውም በጠባቡም ማጣሪያ 200 ያደርሳልና። በናፍጣ ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ከነዳጁ ነው የሚመጣው። አየሩ በቂ ከሆነ በኋላ ሌላ አየር መጨመር፣ ነዳጁ ካልተጨመረ በቀር፣ ለጠገበ ሰው እንጀራ እንደ መደረብ ነው።

በአንድ ጋራዥ ውስጥ ያገኘነው የፒክአፕ ሹፌር በዚህ አልተስማማንም ነበር። ከኮፈኖው ሥር ቀይ ሾጣጣ ማጣሪያ አስገጥሟል። «መምህር፣ ድምፁን አይሰሙትም እንዴ? ትንፋሽ አገኘ እኮ! ባለፈው ቻግኒ ስወርድ እንደ ፈረስ ነው የጋለበው» አለን። በአገው ምድር መኪና በፈረስ ከተመሰገነ ከዚያ በላይ ምስጋና የለም። ሲመለስ እንዴት እንደነበረ ብንጠይቀው ግን፣ «ስመለስማ ጭነት ነበረኝ» ሲል መለሰልን።

ቁልፉ «ስወርድ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው ያለው። ቁልቁለቱን እንኳ ብንተወው፣ ከኮሶበር ወደ ቻግኒ ሲወረድ ግፊቱ ከ75 ወደ 84 ኪሎ ፓስካል ከፍ ይላል። ሙቀቱ ከ15 ወደ 25 ዲግሪ ቢጨምርም የአየሩ ጥግግት በ8 በመቶ ያህል ያድጋል። ዝቅተኛ ዙር ላይ ቱርቦው ገና ሳይነሣ ሞተሩ ቱርቦ እንደሌለው ሆኖ ስለሚሠራ ይህች 8 በመቶ በእግር ሥር ትታወቃለች። ተራራው የሰጠውን ነው ወንድማችን ለማጣሪያው ያመሰገነው። ድምፁም ቢሆን እውነት ነው፤ ሣጥኑ ሲወገድ የቱርቦው ፉጨት ይሰማል። የፋብሪካው ሣጥን ከሥራዎቹ አንዱ ድምፅ ማፈን ነበርና። ድምፅ ግን የጉልበት መለኪያ አይደለም።

ቀዝቃዛውን አየር መጣል

ሾጣጣው ማጣሪያ የሚስበው ከየት ነው? ሣጥን ስለሌለው ከኮፈኖው ሥር ካለው፣ በራዲያተሩና በሞተሩ ከሞቀው አየር ነው። መኪናው በፍጥነት ሲሮጥ ልዩነቱ ያንሳል፤ ጭኖ በዝግታ ዳገት ሲወጣ ግን ከውጭው አየር በ30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል። ከ15 ወደ 45 ዲግሪ የሞቀ አየር ጥግግቱ በ9.4 በመቶ ይቀንሳል። በግፊት ኪሳራ ያተረፍናት 1.3 በመቶ ነበረች፤ በሙቀት የከሰርነው ሰባት እጥፍ ያህሏን ነው። በዚህም አያበቃም። ኮምፕረሰሯ የገባላትን ሙቀት በስሌቱ እጥፍ ስለምታሳድገው መግቢያው ላይ የተጨመረው 30 ዲግሪ መውጫው ላይ 44 ዲግሪ ይሆናል። የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የዚህን ከፊል ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም።

የኮሶበር ብርድ ለሰው ጋቢ ያስደርባል፤ ለሞተር ግን ስጦታ ነው። ከፍታው የወሰደብንን ብርዱ በጥቂቱ ይመልስልናል። ከፋብሪካው የወጣው ማስገቢያ አፉን ከፋናው ኋላ ወይም ከጭቃ መከላከያው ውስጥ አድርጎ ከውጭ እንዲስብ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ያንን ቱቦ ቆርጦ ማጣሪያውን ከሞተሩ ጎን መስቀል ይህን ስጦታ ከደጅ መመለስ ነው።

ማጣሪያ ወንፊት አይደለም

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን አቧራው ነው። ብዙ ሰው ማጣሪያን እንደ ዱቄት ወንፊት ያስበዋል፤ ቀዳዳው ከጠበበ ይይዛል፣ ከሰፋ ያሳልፋል ብሎ። እውነታው ከዚህ የተለየ ነው። የማጣሪያ ወረቀት የተጠላለፉ ቃጫዎች ጫካ ነው፤ በቃጫዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከሚይዛቸው ቅንጣቶች ብዙ ጊዜ ይሰፋል። ከበድ ያለ ቅንጣት አየሩ በቃጫው ዙሪያ ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍ ያቅተውና በግትርነቱ ከቃጫው ጋር ይጋጫል። እጅግ ደቃቅ የሆነው በአየር ሞለኪውሎች እየተገፋ ስለሚወዛወዝ በአጋጣሚ ቃጫ ይነካና ይጣበቃል። የተያዘው አቧራ ራሱ ደግሞ ተጨማሪ ማጣሪያ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት አቧራ የለበሰ ማጣሪያ ፍጹም አዲስ ከሆነው የተሻለ ያጣራል። በየሳምንቱ ማጣሪያውን አውጥቶ በጎማ ላይ መምታትና በኮምፕረሰር ንፋስ መንፋት በአገራችን እንደ ትጋት ይቆጠራል፤ እኛ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል እንላለን። የተጠራቀመውን ረዳት አቧራ ያራግፋል፣ ከዚያም ከፍቶ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ በወረቀቱ ላይ ይተዋል።

የሚገባውን የአቧራ መጠን እናስላ። ባለ 3 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ሞተር በ2 ሺህ 400 ዙር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በኮሶበር በደቂቃ ወደ 7 ሜትር ኩብ አየር ይስባል። ዘወትር በሙሉ ኃይል ስለማይሠራ በአማካይ ግማሹን ብንወስድ በሰዓት ከ200 ሜትር ኩብ በላይ ነው። በበጋ፣ በጠጠር መንገድ፣ ከፊቱ ሌላ መኪና እየሄደ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ 0.2 ግራም አቧራ አለ ብለን እንገምት። በሰዓት 40 ግራም አቧራ ወደ ማጣሪያው ይመጣል ማለት ነው። 99.5 በመቶ የሚይዝ ማጣሪያ ከዚህ ውስጥ 0.2 ግራም ሲያሳልፍ 97 በመቶ የሚይዘው 1.2 ግራም ያሳልፋል። በማስታወቂያ ወረቀት ላይ 99.5ና 97 ጎን ለጎን ሲጻፉ ወንድማማቾች ይመስላሉ። ሞተሩ የሚቆጥረው ግን የተያዘውን ሳይሆን ያለፈውን ነው፤ በእርሱ ቆጠራ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስድስት እጥፍ የከፋ ነው።

ያለፈው አቧራ ምን ያደርጋል? አብዛኛው የመንገድ አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ፤ ኳርትዝ ደግሞ ከተራ ብረት ይጠነክራል። ከ5 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ስፋት ያላቸው ቅንጣቶች በተለይ አደገኞች ናቸው፤ በሲሊንደሩ ግድግዳና በፒስተኑ ፋሻ መካከል ካለው የዘይት ሽፋን ስለሚወፍሩ ሁለቱንም እየፋቁ ያልፋሉ። ፋሻው ሲሳሳ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ይታያል፣ ብርድ ጠዋት ማስነሣት ይቸግራል። ከዚያ በፊት ግን አቧራው የሚያገኘው ኮምፕረሰሯን ነው። ቀደም ሲል ያልነው የጠርዝ ፍጥነት እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል፤ በሴኮንድ 390 ሜትር የሚሮጥ የአሉሚኒየም ምላጭ ከአሸዋ ቅንጣት ጋር ሲጋጭ ውጤቱ አሸዋ በመርጨት ብረት ከሚያጸዱበት መሣሪያ አይለይም። በደጋ ቱርቦው ይበልጥ እንደሚፈጥን ካስታወስን የእኛ ተሽከርካሪዎች ይህን ጉዳት ይበልጥ ይፈራሉ።

ገበያው ላይ ከሚገኙት ብዙዎቹ ሾጣጣ ማጣሪያዎች በዘይት ከረጠበ የጥጥ ጨርቅ የተሠሩ ናቸው። ታጥበው ደግመው የሚሠሩ መሆናቸው መልካም ጎናቸው ነው። ይሁን እንጂ ከታጠቡ በኋላ ዘይቱ ከበዛ አየሩ ይዞት ይሄድና በመንገዱ ላይ ያለውን የአየር መጠን ለኪ ያለብሰዋል። ይህ መለኪያ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ ነው፤ አየሩ ሲያቀዘቅዘው ሙቀቱን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ የአየሩ መጠን ይታወቃል። ዘይትና አቧራ የለበሰ ሽቦ ግን ጋቢ እንደ ደረበ ሰው ነው፣ ብርዱ በትክክል አይሰማውም። ሞተሩም የተሳሳተ ወሬ ሰምቶ ነዳጁን አሳስቶ ይመጥናል። በቤንዚን የሚሠሩ ባለ ቱርቦ መኪኖች ላይ ይህ ስሕተት ይበልጥ ይከፋል፤ እነርሱ የነዳጅና የአየር ሚዛናቸው ጠባብ ስለሆነ መለኪያው የተቀመጠበት ቱቦ ስፋት እንኳ ቢለወጥ ንባቡ ይዛባል።

ታዲያ ምን ይመረጥ?

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት አቋማችን ግልጽ ነው። ነዳጅ አቅርቦቱ ላልተነካ መደበኛ ባለ ቱርቦ መኪና ኮፈኖ ሥር የሚሰቀል ክፍት ሾጣጣ ማጣሪያ አንመክርም፤ ለኮሶበር ቀርቶ ለየትኛውም አቧራማ አካባቢ አይበጅም። የተሻለው ዕቃ አስቀድሞ በመኪናው ውስጥ አለ፤ የተዘጋው የፋብሪካ ሣጥንና ትክክለኛ የወረቀት ማጣሪያ። ገንዘብ ይውጣ ከተባለ መካኒኮቻችን በጣሊያንኛ ልማድ ዲፕራተር ለሚሉት ለዚሁ ማጣሪያ ጥራት ይውጣ። ፎርጅዱን ከኦርጅናሉ ለመለየት የጠርዙን ጎማ መጫን ይጠቅማል። ደረቅ ሆኖ የማይመለስ ከሆነ፣ ወይም የወረቀቱ እጥፋቶች እኩል ካልተራራቁና በቁጥር ካነሱ ተወት ማድረግ ነው። የሌላ አምራች ማጣሪያ የሚገዛ ሰው አይኤስኦ 5011 በተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ተፈትኖ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ፈተናው ስንት በመቶ እንደሚይዝ፣ ምን ያህል ግፊት እንደሚያስከስርና ስንት ግራም አቧራ እስኪሸከም እንደሚቆይ ሦስቱንም ይለካል። ሻጩ የሚነግረን ሁለተኛውን ብቻ ከሆነ የተቀሩት ሁለቱ ለምን እንደተዘለሉ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ዘወትር ወደ ገጠር ቀበሌዎች በጠጠር መንገድ ለሚመላለስ ሰው አንድ ጭማሪ እንመክራለን፤ እርሱም በመስታወቱ ጎን ሽቅብ ወጥቶ ጣሪያው አጠገብ አፉን የሚከፍተው ስኖርክል ነው። ብዙዎች ወንዝ ለመሻገር ብቻ የተሠራ ይመስላቸዋል፤ ጥቅሙ ግን በየቀኑ ነው። ከፊት የሚሄደው መኪና የሚያስነሣው አቧራ ከመሬት አጠገብ ይወፍራል፣ ወደ ላይ ይሳሳል፤ ከፍ ብሎ የሚስብ መኪና ማጣሪያው ቶሎ አይደፈንም። አፉ ወደ ፊት ስለሚያይ ነፋሱ ራሱ አየር ይገፋል የሚለውን ግን አንቀበልም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በኮሶበር አየር ውስጥ የሚገኘው ግፊት 0.22 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው፤ የቱቦው እርዝመት ያንን መልሶ ይበላዋል። በክረምት ደግሞ የእኛ ዝናብ ቀላል ስላልሆነ ውሃ ማፍሰሻ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የረጠበ ወረቀት ያብጣል፣ አየር ይከለክላል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል። ከሣጥኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በደንብ ካልታሸገ ስኖርክሉ ጌጥ ነው።

ሰፋ ያለ ማስገቢያ በእርግጥ የሚያስፈልገው ነዳጁና የቱርቦው ግፊት ከፋብሪካው ልክ በላይ ከፍ ለተደረገለት መኪና ነው። ያኔ የሚያልፈው አየር ስለሚበዛ የግፊት ኪሳራው በአየሩ መጠን ካሬ ያድጋል፤ አየሩ በ20 በመቶ ቢጨምር ኪሳራው በ44 በመቶ ይጨምራል። ለዚህም ቢሆን መልሱ ክፍት ሾጣጣ ሳይሆን ትልቅ ወረቀት የሚይዝ፣ የተዘጋና ከውጭ የሚስብ ሣጥን ነው።

ምንም ዓይነት ማጣሪያ ይገጠም፣ ከማጣሪያው በኋላ ያለው ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም ማጥበቂያው ከላላ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ያልተጣራ አየር በአቋራጭ ይገባልና። ፍተሻው ነጭ ጨርቅ ብቻ ይጠይቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ቱቦው ከማጣሪያው ሣጥን በኩል ይፈታና ውስጡ ይወለወል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣ መልካም፤ የአዊን ቀይ አፈር ይዞ ከወጣ ግን አዲስ ማጣሪያ ከመግዛት በፊት ቀዳዳው ይፈለግ።

ማጣሪያው የሚቀየርበትን ጊዜ ደግሞ በዓይን መገመት አያስፈልግም፣ መለካት ይቻላል። ሁለት ሜትር ተኩል ያህል እርዝመት ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በሳንቃ ላይ የ«ዩ» ቅርጽ እንዲይዝ ይታሰር፤ እያንዳንዱ ክንድ ከ1 ሜትር አይነስ፣ ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ። ቀለም የገባበት ውሃ እስከ ግማሽ ይሞላ። አንዱ ጫፍ ክፍት ይተው፤ ሌላው በቀጭን ቱቦ ከማጣሪያው በኋላ፣ ከቱርቦው በፊት ካለው መስመር ጋር ይያያዝ። አንድ ሰው እየነዳ፣ ሌላው ሳንቃውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ መኪናው በሙሉ ኃይሉ ዳገት ሲወጣ በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ይነበብ። እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ብዙ የባለ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር አምራቾች ማጣሪያ እንዲቀየር የሚያዙት ንባቡ 6.2 ኪሎ ፓስካል ወይም 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ያነበበ ሰው አዲስ ማስገቢያ የሚገዛበት ምክንያት የለውም።

ተማሪዎቻችን ይህንኑ መለኪያ ይዘው ወደ ቻግኒ ቢወርዱና በተመሳሳይ ዙርና ጭነት ቢደግሙት አንድ የሚያስደስት ነገር ያገኛሉ። ቱርቦው የታዘዘውን ግፊት እየጠበቀ ያንኑ መጠነ ቁስ ስለሚያሳልፍ ኮሶበር ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ያነበበ መኪና ቻግኒ አጠገብ ወደ 37 ይወርዳል። ቱርቦ በሌለው መኪና ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚስበው ይዞታ አንድ ሆኖ አየሩ ስለሚጠግግ 40 የነበረው ወደ 43 ከፍ ይላል።